ባለቤት ያለው ዛፍ

የአዲስ አበባን አንጋፋ አገር በቀል ዛፎች ልቁጠር ብሎ የተነሣ ሰው ብዙ ሳይቆይ እግሩ ወደ አጥር ግቢ ይወስደዋል። ጽዱንና ወይራውን በእንጦጦ ማርያምና በእንጦጦ ራጉኤል ቅጥር፣ በሌሎቹም አድባራት ዙሪያ ያገኛል። ቀጥሎ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ኤምባሲዎች ሰፋፊ ይዞታዎች፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያገኛል። ከነዚህ ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ ሲወርድ ቆጠራው ይሳሳል፤ ጃካራንዳ፣ ግራቪሊያ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ አልፎ አልፎ አንድ የተረፈ ግራር። የዛፍ ስም የያዙ ሰፈሮች ግን አሉ፤ ሾላ አለ፣ ወይራ ሰፈር አለ፤ ፒያሳ አካባቢም ከከተማዋ መቆርቆር በፊት በኦሮምኛ ብርብርሳ ይባል ነበር፣ ዝግባ ማለት ነው። ዛሬ በእነዚህ ሰፈሮች ስሙን የሰጠውን ዛፍ የሚፈልግ ሰው ብዙ መዞር አለበት። አፈሩ ያው አፈር ነው፤ ዝናቡም ያው ነው። የግቢውን ጽድ አቆይቶ የመንገዱን ያጠፋው ሌላ ነገር ነው። በግቢው ያለውን ዛፍ አንድ ሰው በመጥረቢያ ቢነካው በዚያው ዕለት «ማን ቆረጠው? በማን ፈቃድ?» የሚል ይመጣል። ደብሩ አለቃ አለው፣ ኤምባሲው ጥበቃ አለው፣ ዩኒቨርሲቲው አስተዳደር አለው። በመንገዱ ዳር ባለው ዛፍ ግን ሁሉም ይጠለልበታል፣ ማንም አይጠየቅበትም።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ተረቱ ስለ አጥር ያወራ ይመስላል እንጂ ነገሩ ስለ ባለቤቱ ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ክርክርም ከዚያ ይነሣል። የከተማን ዛፍ የሚያቆየው በስሙ የሚጠየቅለት አካል መኖሩ ነው፤ ችግኙም፣ ሕጉም፣ ቅስቀሳውም ያለዚያ ብዙ አይራመዱም። አጥሩ ነው ያቆየው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ አጥር ያልነበራቸው ዛፎች ቀድመው ባለቁ ነበር። የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ጽድ እንደ ተተከለበት ይነገራል፤ በኋላም ዐፄ ምኒልክ የመንግሥት ደን አድርገው አስጠብቀውታል። ለዚያ ሁሉ ተራራ አጥር አልተሠራለትም፤ የንጉሥ ቃልና ጠባቂ ነበረው። የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት ኦዳ የሚቆመው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው፤ ከብት ይጋጥበታል፣ መንገደኛ ያርፍበታል፣ ግን ቅርንጫፉን ለማገዶ የሚመለምል አይኖርም፤ ምክንያቱም ጉባኤው ባለቤቱ ነው። በየገጠሩ ገበያ ዳር ሽማግሌዎች ዕርቅ የሚያወርዱበት ዋርካም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሁሉ የሕዝብ ዛፎች ናቸው። የሕዝብ መሆናቸው የማንም አላደረጋቸውም፤ ከተማው ያጣው ይህንን ነው።

ለምን አጣው? አንዱ መልስ ከከተማዋ ልደት ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የእንጦጦ ተራራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተመነጠረ ነበር፤ ሕዝቡ ሲበዛ እንጨቱ ከቀን ወደ ቀን እየራቀ ሄደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመፈታት ያዳናት ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ያስመጡት ሞንዶን ቪዳዬ የተባሉት የንጉሡ ፈረንሳዊ አማካሪ እንደ ሆኑ ይነገራል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ እንደገና ሲደርስ እንደገና ይቆረጣል። ለቤቱ ማገርና ወራጅ፣ ለግንባታው መወጣጫ፣ ለምጣዱ ማገዶ ሆነ። ከእንጦጦ ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ስንት ትውልድ እንጀራ እንዲጋገር እንዳደረጉ ማንም የሚያውቀው ነው። ይህን ውለታ መካድ አይገባም። ሆኖም ባሕር ዛፍ ከእንጨቱ ጋር አንድ ልማድ አብሮ አስተማረን፤ ዛፍ ማለት የሚቆረጥና የሚመለስ ነገር ነው የሚል ልማድ። ጽድ እንዲህ አይደለም። ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ እዚያው ያበቃል። ዝግባም ሲያድግ ዝግ ብሎ ነው፤ አንድ ሰው ተክሎት በሕይወቱ ሙሉ ግርማውን ላያይ ይችላል። በባሕር ዛፍ የሰለጠነ እጅ በጽድ ላይ ሲያርፍ የሚደርሰው ጥፋት የማይመለስ መሆኑን ቆራጩ ራሱ የሚያውቀው አይመስለኝም፤ «ሌላ ይበቅላል» ብሎ ነው የሚሄደው።

ይኸው «ሌላ ይበቅላል» ዛሬ በትልቁ የሚነገረው በችግኝ ቋንቋ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። አገር በተራቆተበት ዘመን ሚሊዮኖች አካፋ ይዘው መውጣታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ተከላውን የሚያጥላላ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ነገር ግን በአንድ መንገድ ዳር የቆመ ዛፍ ሲቆረጥ «በምትኩ አሥር ችግኝ እንተክላለን» የሚለው መልስ በሒሳብ ሲታይ አያስኬድም። ጥላው ዳር እስከ ዳር 16 ሜትር የሚሰፋ አንድ ግራር 200 ካሬ ሜትር ገደማ መሬት ያጠላል። ጥላው ዳር እስከ ዳር 1 ሜትር የሚሰፋ ችግኝ የሚያጠላው ከ1 ካሬ ሜትር ያነሰ ነው። የዚያን አንድ ግራር ጥላ በዕለቱ ለመተካት ከ250 በላይ ችግኝ፣ ያውም አንዱም ሳይደርቅ፣ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ አሥር ችግኝ የዛፉን 25ኛ እጅ እንኳ አይሆንም። ጥላው ደግሞ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምቱ ጥቂት ወራት ይወርዳል። ከሺህ ቅጠል ላይ እየተንጠባጠበ የሚወርድ ዝናብ መሬቱን የሚመታው በዝግታ ነው፤ ሥሩ የከፈተው አፈርም ይመጥጠዋል። በሲሚንቶ ላይ በቀጥታ የወረደው ግን ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ዳር ሰፈር ደጃፍ ይሄዳል። ዘሩም አለ። የወይራን ፍሬ ወፍ በልቶ ሌላ ቦታ የሚጥለው እናት ዛፍ ስትኖር ነው፤ ችግኝ ጣቢያም አገር በቀል ዘር የሚለቅመው ከአንጋፋ ዛፍ ሥር ነው። አንጋፋውን ቆርጦ ችግኝ መትከል፣ ላሟን አርዶ ጥጃ ፍለጋ እንደ መውጣት ነው።

ተከላው የሚሠምረው ባለቤት ስላለው መሆኑንም ልብ ማለት ያሻል። ቀን አለው፣ ዕቅድ አለው፣ በየወረዳው የተመደበ ቁጥር አለው፣ ሪፖርት አለው። ለቆመው ዛፍ ግን «ስንት ነበሩ፣ ስንት ቀሩ» ብሎ ሪፖርት የሚጠይቅ የለም። አንድ ሚሊዮን የተተከለ ይመዘገባል፤ አንድ መቶ የተቆረጠ በምንም ዓምድ ውስጥ አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብቱ የሁሉም ነው፤ ግዴታው ግን የሆነ ሰው የሥራ መደብ ላይ ካልተጻፈ መብቱ የሚደርስበት አድራሻ አይኖረውም።

ባለቤት የሌለው ዛፍ የሚሞተው ሁልጊዜ በመጋዝ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ማንም እንደ ገደለው ሳይታወቅ ነው። በአንድ መንገድ ዳር የቆመን ጃካራንዳ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ግንዱ መሬቱን የሚነካበት ቦታ ላይ አፈር የለም፤ ታይልሱ ወይም ሲሚንቶው እስከ ልጡ ድረስ ደርሶ አንቆታል። ከፍ ብሎ የማስታወቂያ ሚስማር ተመትቶበታል፣ ከሚስማሩ በላይ የሱቅ መብራት ሽቦ ታስሯል፤ ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ልጡም በላዩ ያብጣል። ከሥሩ የበቆሎ ጠባሽ ፍም አፍስሶበት ልጡ በአንድ ጎን ጠቁሯል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። የዛፍ ሥር እንደ ካሮት ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ይመስለናል። እንዲያውም ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ያሉት ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፉ ጫፍ አልፈው ይሄዳሉ። የስልክ ገመድ ወይም የውሃ ቧንቧ የሚቀብር ቡድን ከግንዱ ሁለት እርምጃ ርቆ ቦይ ሲቆፍር ግንዱን አልነካሁም ብሎ ያምናል፤ በአንድ ከሰዓት ግን የዛፉን ግማሽ ሥር ቆርጦ ሄዷል። ዛፉ በዚያ ዓመት ቅጠል ያወጣል። በሚቀጥለውም ያወጣል። ከዚያ አናቱ መድረቅ ይጀምራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ የሐምሌ ነፋስ ተገንድሶ ይወድቃል። ያን ጊዜ «አርጅቶ ነው» ይባላል። ቦዩን የቆፈረው ማን እንደ ነበር የሚያስታውስ የለም፤ የሚያስታውስ መዝገብም የለም።

መግረዝም እንደዚሁ ነው። አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ሰንጥቆ ውስጣቸውን በማየት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድ ነገር አስረድቷል። ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን አያድንም፤ የተጎዳውን ክፍል ከጤናማው ለይቶ እንደ ግድግዳ ይዘጋበታል፣ ከዚያም አዲስ እንጨት በዙሪያው ይሠራል። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚወጣበት ቦታ አንገት የመሰለ ያበጠ ቀለበት አለ፤ ግድግዳው የሚሠራው እዚያ ነው። ከቀለበቱ ውጭ ተጠግቶ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ዙሪያውን ልጡ እንደ ከንፈር እየተጠቀለለ ይሸፍነዋል። ክንድ የሚያህል ጉቶ ተትቶ የተቆረጠ ግን ሊሸፈን አይችልም፤ ጉቶው ይበሰብሳል፣ መበስበሱም ወደ ግንዱ መግቢያ መንገድ ያገኛል። አናቱ እንዳለ የተቆመጠ ዛፍ ደግሞ በድንጋጤ ቀጫጭን ችፍግ ያለ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ እነዚህ የበቀሉት ከላይኛው እንጨት ላይ ብቻ ተጣብቀው ስለሆነ ከብደው ሲያድጉ ይገነጠላሉ። ሽቦ እንዳይነካ ተብሎ አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከበፊቱ የባሰ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሁሉ የሚማሩት ሙያ ነው። ባለቤት ያለው ዛፍ ሙያ ያለው እጅ ይደርሰዋል፤ የሌለው መሰላልና መጋዝ ያገኘ ሁሉ ይደርሰዋል።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። ያረጀ ዛፍ ይወድቃል፣ ሰው ይገድላል፣ መኪና ይደፈጥጣል፤ ስለዚህ ሳይወድቅ መቁረጥ ይሻላል ይባላል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ማቃለል አይገባም። ግን ዕድሜ ብቻውን ዛፍ አይጥልም። የዛፍ ሕይወት ያለው ከልጡ ሥር ባለው ቀጭን ሽፋንና ከሱ ወደ ውስጥ ባለው ውጫዊ እንጨት ላይ ነው፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ሾላ የቀረው ዙሪያ ወፍራምና ጤናማ ከሆነ ብዙ ዘመን ይቆማል፤ ቱቦ ባዶ ሆኖ እንደሚጠነክር ማለት ነው። መመርመር ያለበት ሌላ ነው፤ በቅርቡ ያዘነበለ ነው ወይስ ድሮም አዘንብሎ ያደገ? ከሥሩ በኩል መሬቱ ተሰንጥቋል? በግንዱ ሥር እንጉዳይ በቅሏል? ባለፉት ዓመታት በአጠገቡ ተቆፍሯል? እነዚህን ጥያቄዎች በየዓመቱ ከክረምት በፊት፣ በግንቦት፣ ዛፉ ሥር ቆሞ የሚጠይቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። መልሱ አንዳንዴ «ይቆረጥ» ይሆናል። ባለቤትነት ማለት አለመቁረጥ ብቻ አይደለም፤ ሲያስፈልግ ቆርጦ ስለ ቆረጠው መልስ መስጠትም ነው። ማንም ያልመረመረውን ዛፍ በፍርሃት መቁረጥና ማንም ያልመረመረውን በቸልታ መተው ከአንድ ጉድለት ይመነጫሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልማት ነው። ቤት የሚጠብቅ ሕዝብ፣ መንገድ የጠበባት ከተማ ለአንድ ዛፍ ብላ ትቆማለች ወይ? አትቆምም፤ መቆምም የለባትም። ጥያቄው ዛፉ ወደ ንድፉ የሚገባው መቼ ነው የሚለው ነው። በእንግሊዝ አገር የግንባታ ደረጃ እንደ መነሻ የሚወስደው ከግንዱ ውፍረት 12 እጥፍ ራዲየስ ያለውን መሬት ከቁፋሮ መጠበቅን ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ዛፍ 7 ሜትር ከ20 ማለት ነው። ይህ ክብ በንድፉ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ከተሣለ ቧንቧው በሌላ ጎን ይሄዳል፣ መኪና ማቆሚያው ይገፋል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ኤክስካቫተሩ ቦታው ላይ ከደረሰ በኋላ ግን እውነትም አማራጭ አይኖርም። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ከዚህ ጥፋት አልዳኑም። የሸፊልድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 መንገዶቹን ለ25 ዓመት ለአንድ ኩባንያ በውል ሰጠ፤ በውሉ ከ36,000 ገደማ የመንገድ ዛፎች 17,500 እንዲተኩ ታስቦ ነበር። እስከ 2018 ድረስ ወደ 5,600 ገደማ ተቆረጡ። ብዙዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ወንጀላቸው የእግረኛ መንገዱን ድንጋይ በሥራቸው ማንሣት ነበር። ነዋሪው ተነሣ፣ ሥራው ቆመ፣ የቀሩት ዛፎች አንድ በአንድ እንደገና ሲታዩ ለብዙዎቹ ድንጋዩን ማስተካከል በቂ ሆኖ ተገኘ። በ2023 የወጣው ገለልተኛ የምርመራ ሪፖርት የከተማውን ምክር ቤት ክፉኛ ነቀፈ። ሸፊልድ ገንዘብም ሕግም ባለሙያም ነበራት። የጎደላት አንድ ነገር ነው፤ ዛፉ በውሉ ውስጥ የመንገድ ሥራ እንቅፋት ሆኖ ሲገባ ስለ ዛፉ ራሱ የሚቆም ባለቤት በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም።

ጎረቤታችን ናይሮቢ ደግሞ ሌላውን ጫፍ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ለአዲሱ የፍጥነት መንገድ ሲባል በዋያኪ መንገድ ላይ የቆመ መቶ ዓመት ያህል ያስቆጠረ ሾላ ሊነሣ ነበር። የኪኩዩ ሕዝብ ይህን የዛፍ ዘር እንደ ቅዱስ ያየዋል። ሕዝቡ ጮኸ፣ ፕሬዚዳንቱ በአዋጅ እንዲጠበቅ አዘዙ፣ ዛፉ ተረፈ። ደስ የሚል ዜና ነው። ግን በዚያው መንገድ ሥራ ስም ያልወጣላቸው፣ አዋጅ ያልደረሰላቸው ሌሎች ዛፎች ተቆርጠዋል። የአገር መሪ ለአንድ ዛፍ መቆሙ ክብር ነው፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ ግን ፕሬዚዳንት አይደርስም። የሚደርሰው የወረዳ ባለሙያ ነው።

ያ ባለሙያ በእጁ ምን ይያዝ? መጀመሪያ መዝገብ። ሜልቦርን ከተማ 70,000 ለሚያህሉ ዛፎቿ ለእያንዳንዳቸው መለያ ቁጥር ሰጥታለች፤ ነዋሪው የታመመ ዛፍ ሲያይ በቁጥሩ ያመለክታል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2001 የቅርስ ዛፎች መርሐ ግብር ስትጀምር ዛፍ የሚጠቁመው ሕዝቡ፣ የሚመረምረው ባለሙያ እንዲሆን አደረገች፤ ለተመረጡት መብረቅ መከላከያ ሳይቀር ተክላለች። በተከለሉ አካባቢዎችም የግንዱ ዙሪያ ከ1 ሜትር የበለጠ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። እነዚህ ሀብታም ከተሞች ናቸው፣ እኛ ምን አለን የሚል ይኖራል። ነገር ግን መዝገቡ የሚጠይቀው ሜትር፣ እርሳስና የወረዳውን ካርታ ነው፤ የዛፉ ዓይነት፣ የግንዱ ዙሪያ፣ የቆመበት ቦታ፣ ያለበት ሁኔታ፣ የመጨረሻ ምርመራው ቀን። በየሰፈሩ ከሚገኙት የግብርና፣ የደንና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ጋር ቢሠራ አንድ ክረምት ሳይሞላ አንድ ክፍለ ከተማ ይቆጠራል። ሁለተኛው ፈቃድ ነው፤ የተመዘገበ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ምክንያቱ ግንዱ ላይ በገመድ (በሚስማር ሳይሆን) ታስሮ ለሰፈሩ ሰው ይለጠፍ። ሦስተኛው የሥራ ተቋራጩ መያዣ ነው፤ በአጠገቡ የሚቆፍር ሁሉ ገንዘብ ያስይዝ፣ መያዣው የሚመለሰውም ሥራው ባለቀ ማግስት ሳይሆን ዛፉ ከሦስት ክረምት በኋላ በሕይወት ሲታይ ይሁን። ሥር ተቆርጦበት የሚሞት ዛፍ ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው፤ ተጠያቂነቱም እስከዚያ መጠበቅ አለበት።

ባሕር ዛፉስ በመዝገቡ ይግባ? ውሃ ይጠጣል፣ በሥሩ ሌላ አያበቅልም፣ እንግዳ ነው የሚለው ክስ ለእንጦጦ ተዳፋት ትክክል ነው፤ እዚያ በአገር በቀል መተካቱ ይበጃል። ነገር ግን በአንድ ደጃፍ ላይ የቆመ፣ ከመጀመሪያዎቹ የከተማዋ ተከላዎች የተረፈ ነጭ ባሕር ዛፍ ቢገኝ ከነታሪኩ ይመዝገብ። ከተማዋ እዚህ መኖሯን ከሚያስረዱ ሰነዶች አንዱ ነው። የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈርም እንዲሁ ከባቡሩ ጋር አብሮ የተተከለ ጥላ አለው፤ በዚያ ሙቀት ሰውን በእግሩ የሚያስኬደው ያ ጥላ ነው። የምድር ባቡሩ ኩባንያ ዘመን ሲያልፍ ሐዲዱና ጣቢያው ወራሽ ተፈልጎላቸዋል፤ ዛፎቹም የጣቢያው ያህል ወራሽ ይገባቸዋል።

ቅርስ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ጉዳዩ ይጠጥራል። በጎንደር የፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያለው ግንብ ላይ የዋርካ ሥሮች እንደ ቀለጠ ሰም ወርደው ድንጋዩን አቅፈውታል፤ አንዳንዱ ሥር የሰው ወገብ ይወፍራል። ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተስቦ ለጥምቀት ሲሞላ ወጣቱ የሚዘልለው ከዚያ ዙሪያ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሥሩ ግንቡን እየሰነጠቀ ነው፤ ግንቡን ይዞ ያቆመውም በአንዳንድ ቦታ ሥሩ ራሱ ነው። ቢቆረጥ ሥሩ ውስጥ ለውስጥ በስብሶ ክፍተት ይተዋል፣ ድንጋዩም በክፍተቱ ይረግባል፤ ዝም ቢባል ይወፍራል፣ ይገፋል። ለዚህ አንድ መመሪያ አይበቃም። እያንዳንዱን ሥር ከድንጋዩ ጋር በየዓመቱ የሚለካ፣ የትኛው እንዲያድግ የትኛው እንዲገታ የሚወስን ሰው ያሻል፤ የግንብ ባለሙያውና የዛፍ ባለሙያው በአንድ ማስታወሻ ላይ የሚጽፉበት ሥራ ነው።

ዛፍ ሟች ስለሆነ ቅርስ ሊሆን አይችልም የሚሉም አሉ። ለዚህ መልሱ በመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ይጻፋል፤ የተተኪው ዓምድ። አንጋፋው ጽድ ገና በሕይወት ሳለ ከራሱ ፍሬ የተፈላ ችግኝ በአቅራቢያው፣ ሥሩን ሳይነካ ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ ይተከል፤ ቁጥሩም ከእናቱ ቁጥር ሥር ይግባ። ጠባቂ ባላቸው አድባራት ቅጥር ውስጥ ይህን ያለ መዝገብ እናየዋለን፤ ከሽበታሙ ጽድ ዝቅ ብሎ ገና ቅጠሉ የሚወጋ፣ ቁመቱ ከሕፃን የማይበልጥ ሌላ ጽድ ይቆማል፣ ቄሱ ሲያልፉም እንዳይረግጡት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ።